ጉድጓድ አርቀህ ቆፍር

ቁልሌ የሚተዳደረው ተራራ በመሥራት ነው። ጠዋት ሰንሰለታማ ተራራ ያቆማል፣ ከምሳ በኋላ ሸለቆ ይፈለፍላል፣ ማምሻውን ወንዝ ለቆ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ፈጣሪ እንኳ አገር ምድሩን ሠርቶ ሲጨርስ አርፏል፤ ቁልሌን ግን ኃላፊው እሑድም ይጠራዋል።

መሥሪያ ቤቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ነው። የእሱ ክፍል ምድር ቤት ያለው ነው፤ ሙጫ፣ ጄሶና የረጠበ ካርቶን ይሸታል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ የከፍታ መስመር የሚባል ነገር አለ። ቁልሌ መስመሩን ተከትሎ ካርቶን ይቆርጣል፤ አንዱን በአንዱ ላይ ይለጥፋል፤ ደረጃ ደረጃ የሆነውን ክምር በጄሶ ይለስነዋል። በቃ፣ አገር ሆነ ማለት ነው። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው፤ ሲቆልል ስለሚውል ቁልሌ አሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ የታወቀ ቅጥፈት አለ። አገር ሰፊ ነው፤ ተራራ ደግሞ የቱንም ያህል ቢኮራ ከአገሩ ስፋት ጋር ሲተያይ ብጉር ነው። በትክክለኛው ልክ ቢሠራማ ጠረጴዛው ላይ ያለው አገር ከዳር እስከ ዳር ልጥፍ ብሎ ይቀራል፤ የሚያየውም አይኖርም። ስለዚህ ከፍታውን ያጋንኑታል። ግነቱ በመመሪያ የተፈቀደ፣ ማኅተም ያረፈበት ግነት ነው። ሌላው መሥሪያ ቤት ያለ መመሪያ ነው የሚዋሸው፤ እነዚህስ ቢያንስ ደንብ አላቸው።

በዚያ ዓመት የተሰጠው ሥራ መላው አገሪቱን የሚያህል ነበር። ማለቴ መላው አገሪቱን፤ ከላይ ብርዳሙ ደጋ፣ መካከሉን ሰፊው ሜዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች የወረደው ጎድጓዳ ምድር፣ ሁሉም በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ባንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ። ኃላፊው በየቀኑ ምድር ቤት ብቅ እያለ ሥራውን በእጁ ይዳስሳል። እሱ የሜዳ ሰው ነው። በትውልድ አገሩ ረጅሙ ነገር የስልክ እንጨት ነው፤ እሱንም ምስጥ በልቶታል ይባላል።

«እዚህ ጋ ትንሽ ጉብታ የለችም እንዴ?» ይላል ሜዳውን እያሻሸ። «ልጅ ሆኜ የምወጣባት ጉብታ ነበረች እኮ።»

«እሷ የጎረቤት ፍግ ትሆናለች፣ አለቃ» ትላለች ቀለም ቀቢዋ።

ቀለም ቀቢዋ ከቁልሌ ጎን የምትሠራ፣ ምላሷ ከቡርሿ የረዘመ ሴትዮ ናት። ደጋውን ቡናማ፣ ሜዳውን አረንጓዴ፣ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያለውን ሁሉ ደግሞ ነጭ ትቀባለች፤ ነጩ በረዶ ነው። ደንቡ እንዲህ ስለሚል እንጂ እሷ በሕይወቷ በረዶ ያየችው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ፍሪጅ ካልን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቁልሌ ፍቅር ይዞታል። ካርቶን የሚቆርጥ ሰው ጣቱን መቁረጡ አይቀርም፤ ጣቱን በቆረጠ ቁጥር ጥጉ ላይ ካለችው ፋርማሲ ፕላስተር ይገዛል። ቀስ በቀስ ሳይቆረጥም መግዛት ጀመረ። የፋርማሲዋ ልጅም ሞኝ አይደለችም፤ አንድ ቀን ሁለቱንም እጁን አስዘርግታ አየችና «የትኛው ጣት ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ፕላስተሩ ቀርቶ ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ።

እሱ እንጋባ ሲላት ግን ቁርጡን ነገረችው። «አባዬ እሺ ካላለ የለም። እናትም አባትም ሆኖ ነው ያሳደገኝ። እሱ ፊቱ ጠቁሮ እኔ አላገባም፣ አንተ ካርቶን።»

አባቷ ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ካፖርት ይላቸዋል፤ ምክንያቱም ሲሠሩም ሲበሉም ያን ጥቁር ካፖርት አያወልቁም። ፀሐይ አስፋልት ሲያቀልጥ እሳቸው የካፖርታቸውን አንገት ቀና ያደርጋሉ። የተወለዱት ከዚያ ጎድጓዳ ምድር ነው፤ በሙቀቱ ድንጋይ ከሚሰነጠቅበት። ሚስታቸው ስትሞት እዚያው ቀብረው፣ ልጅቱን አዝለው ወደ ከተማ ወጡ። ውሎ አድሮ ውሃው ነጠፈ፣ ሰዉ ተበተነ፣ መንገዱም አብሮ ጠፋ፤ አሁን መሄድ ቢፈልጉም የሚሄድ መኪና የለም።

ቁልሌ ሊጠይቃቸው ሱቃቸው ገባ። ሱቁ በር በሌላቸው ፍሪጆችና ፍሪጅ በሌላቸው በሮች ተጣቧል። ጋሽ ካፖርት አንድ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተዋል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«በርዶኝ» አሉ ከውስጥ። ከዚያ ወጡና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የደጋ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። ከላይ፣ ከተራራው።»

«ገባኝ። ብርዱን የምትልኩብን እናንተ ናችሁ።»

ቁልሌ ሳቅ አለ። ነገር ለማሳመር ብሎም «የእርስዎን አገር በካርታ አውቀዋለሁ፤ በጣም ዝቅተኛ ቦታ ነው» አለ። ምነው አፉን በቆረጠው!

«ምን አልክ? ዝቅተኛ?» አሉ ጋሽ ካፖርት መፍቻውን እያስቀመጡ። «ዝቅተኛ ደሞዝ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ነው። ቦታ ዝቅተኛ አይባልም፤ ጥልቅ ነው የሚባለው።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ጥልቅ።»

«ከጉድጓድ የወጡ ይሉናል እዚህ ከተማ። ወደኛ የሄደውን ሁሉ ወረደ ይሉታል፤ ከወረደ ወራዳ ለማለት ደግሞ አንድ ፊደል አይፈጅባቸውም። ተራራ እንደሁ የትም አለ! ጎረቤት አገር ብትሄድ ከናንተ የሚበልጥ ተራራ ተገትሮ ታገኛለህ። እስቲ የኔን አገር የሚያህል ጥልቀት አምጣ! ከኛ በታች ማንም የለም!» ይህን ሲሉ ሌላው ሰው ከኛ በላይ የለም ሲል እንደሚነፋው ደረታቸውን ነፉ።

ቁልሌ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጣበትን ነገረ። ሽማግሌው የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉ፤ ተቆልፎ የነበረውን ፈተው መልሰው ነው የቆለፉት።

«አገሩን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለህ አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የኔም አለ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው የሚመረቅ ቀን መጥቼ አያለሁ። አገሬን እንዴት እንደያዝከው ሳይ፣ ልጄን እንዴት እንደምትይዛት አውቃለሁ። ያኔ እሺ ወይም እምቢ እልሃለሁ። አሁን በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።»

ቁልሌ እየዘለለ ወጣ። ቀላል ነገር! ሌላ አባት ቤት አለህ ወይ፣ ደሞዝህ ስንት ነው ይላል፤ እሱ የተጠየቀው አንድ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ምን አለው?

የአገሪቱ ጠረጴዛ ትልቅ ስለሆነ ሥራው የሚሠራው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ቁራጩ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ ስሙን ቀለም ቀቢዋ መጨረሻ ላይ ነው የምትለጥፈው። ቁልሌ ሮጦ ኃላፊው ቢሮ ገባና «ጎድጓዳው ምድር የትኛው ቁጥር ነው?» አለ። የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ወደ ቁልሌ ዞሮ ተዘርግቷል። ኃላፊው ስልክ እያወራ፣ ሰንጠረዡን ሳያዞር፣ ከማዶ ሆኖ ቁልቁል አየና ስድስት ሲል በጣቱ አሳየው። ቁልሌም ሳያጣራ ወጣ። ዘጠኝ ከማዶ ሲያዩት ስድስት እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ቁራጭ ስድስትን እዩልኝ! ቁልሌ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራም። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ዳበሰው፣ በመዳፉ እያሻሸ አለሰለሰው። ጎድጎድ ማለቱ ትንሽ አነሰበት፤ ግን ሽማግሌ አገሩን ያጋንናል ብሎ አለፈው። ያ ሁሉ ፍቅር የፈሰሰበት ቦታ የማንም ያልሆነ ረግረግ ነበር። እንቁራሪት እንኳ አማች ቢሆን ያን ያህል አይንከባከበውም።

ቁራጭ ዘጠኝ ተራው ሲደርስ ደግሞ ጉድ ፈላ። ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ ምርቃቱ ከተቀጠረበት ቀን ቀደም ይበል ተባለ። የሚወርድ ቦታ ካርታ ላይ የሚታወቀው የከፍታ መስመሩ በውስጥ በኩል ትንንሽ ጥርስ ሲኖረው ነው፤ ጥርስ የሌለው ይወጣል፣ ጥርስ ያለው ይወርዳል። ግን የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለም እየረጨ መስመሩን ሁሉ ጢም አብቅሎበታል። የቱ ጥርስ፣ የቱ ጢም እንደሆነ ማን ይለይ? ቁልሌ ደግሞ የደጋ ልጅ ነው፤ መስመር በመስመር ውስጥ ተደርድሮ ሲያይ እግሩ ራሱ ሽቅብ ነው የሚያስበው። ካርቶን በካርቶን ላይ ጫነ፣ ጫነ፣ ጫነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያስታወሰው ማንም የለም። «ይሄስ የየት አገር ጎረምሳ ተራራ ነው!» ብሎ አደነቀና ወደ ሌላው ሄደ።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ እሱ አልነበረም። ፀጉር አስተካካይ ቤት ነበር፤ ለአማት ፊት ፂም መላጨት አለበት።

አዳራሹ ሲሞላ ጋሽ ካፖርት ከልጃቸው ጋር መጡ። ካፖርቱ ተቦርሿል። ልጅቱ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ቁልሌን ስታየው ከአባቷ ጀርባ ዓይኗን ጠቀስ አደረገችለት። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠረጴዛውን መዞር ጀመሩ። ደጋውን ሲያልፉ አንገታቸውን ቀበሩ። ሜዳው ጋ ሲደርሱ አንዲት የማትገባ ጉብታ አይተው ሳቁ፤ ኃላፊው በመጨረሻ አሸንፏል ማለት ነው። ከዚያ ጥጉ ጋ ደረሱ። የተለጠፈውን ስም አነበቡ። ቁልሌም አነበበ።

ስሙ የተለጠፈው ተራራው ላይ ነው። አናቱ ደግሞ ነጭ ነው።

«ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ካፖርት።

«በረዶ ነው» አለች ቀለም ቀቢዋ። ከዚያ በቁጥሩ ብቻ የለጠፈችውን ስም አየችና አፏን በቡርሿ ያዘች።

«በረዶ!» አሉ ሽማግሌው። «ዕድሜዬን ሙሉ በረዶ ስጠግን ኖሬ፣ ጭራሽ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ?»

ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቁልሌ ከመሞት ተረፍኩ ብሎ መተንፈስ ሲጀምር ሳቃቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ተራራውን ከግርጌው አዩት፣ ጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር የጠፋባቸው ይመስል።

«እሷስ የታለች?» አሉ።

«ማን፣ ጋሼ?»

«ሚስቴ ናታ። ከሁሉም በታች ነው ያስተኛኋት።» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ተራራ ጫንክባት እኮ፣ ልጄ።»

ካፖርታቸውን ሰብስበው ወጡ። ልጅቱ ቁልሌን አንዴ አየችው፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ፕላስተር የማይጠግነው ነገር ነበረ። ከዚያ አባቷን ተከትላ ሄደች። ቁልሌ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብሎ ተመኘ። ግን መሬቷን የሠራት ራሱ ነው፤ መከፈት የነበረባት ቦታ ላይ ደፍኗታል።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው ደስታ በደስታ ነው።

«ተሳስቻለሁ፣ አለቃ። ያ ተራራ መፍረስ አለበት። ቦታው ጉድጓድ ነው።»

«እብድ ነህ? እንግዳው ከሁሉም አብልጠው የወደዱት እሱን ነው። ፎቶ ተነሥተውበታል!»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ከፍታ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ስማ፣ በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ አንዴ ከፍ ያለን ነገር አታውርድ፣ ያኮርፋል። አሁን ሂድና ሥራህን ሥራ።»

ቁልሌ ወደ ፋርማሲው ሄደ። ልጅቱ ሳትጠይቀው አንድ ፕላስተር አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ማውራት ጀመረች።

«ልጅ ሆኜ፣ ሰው ሲሞት ወደ ላይ ነው የሚሄደው ይሉኝ ነበር። አባዬ ደግሞ የእናትሽ ወደ ታች ነው፣ ሞቅ ወዳለው ይለኛል። ጎረቤቶቹ ሲኦል መስሏቸው ያማትቡ ነበር።» ትንሽ ሳቅ አለች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። «እስከ ዛሬ ሲናፍቃት ወለሉን ነው የሚያየው። ትናንት ከአዳራሹ ከመጣ ጀምሮ ግን የሚያይበት ጠፍቶታል። እራቱን አልበላም።»

«እኔ አፈር ልብላ» አለ ቁልሌ።

«አፈር መብላቱ ቀርቶ ብታነሣው ነው የሚሻለው።»

ይህ ንግግር ጭንቅላቱ ውስጥ ቀረ። አዳራሹ ለጎብኚ በሚዘጋበት ቀን መጋዝ ይዞ ገባ። ቀለም ቀቢዋን ረዳት አድርጎ ወሰዳት፤ በረዶውን የቀባችው እሷ ናትና የበደሉ ድርሻ አላት። መጀመሪያ ተራራውን አፈረሰ። ካርቶኑን እየገነጠለ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ ጠረጴዛው ጣውላ ላይ ደረሰ።

«በቃ፣ እዚህ ጋ ቀለም ልቀባው» አለች።

«ጣውላው የባሕሩ ወለል ነው፣ እትዬ። የሳቸው አገር ከባሕር በታች ነው።»

«እና?»

ቁልሌ መጋዙን አነሣ። ቀለም ቀቢዋ ጭንቅላቷን ያዘች። «በስመ አብ! የመንግሥት ጠረጴዛ ልትበሳ ነው? ደግሞስ ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ሲባል አልሰማህም?»

«እኔ የሚገባበትን አውቃለሁ» አለና ጣውላውን መገዝገዝ ጀመረ።

በትክክለኛው ልክ ቢሆን ኖሮ ከጣውላው በታች የሚፈለገው አንድ ስስ ካርቶን ነው። ቁልሌ ግን ለተራራው የተፈቀደ ግነት ለጉድጓዱ የማይፈቀድበት መመሪያ አላየም። በሠራተኛነት ዘመኑ ሙሉ ወደ ላይ ሲዋሽ ኖሯል፤ አንዴ ወደ ታች ቢዋሽ ምን ይለዋል? የካርቶን ቀለበት እየቆረጠ፣ አንዱን ካንዱ በታች እያንጠለጠለ፣ እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ አወረደ። ማለቂያው ላይ የቆርቆሮ ክዳን ገጠመለት። በመጨረሻም ፋርማሲው ሄዶ ልጅቱን አንድ ነገር ለመናት። እሷም በነጭ ጋውኗ ኪስ ደብቃ ካባቷ ሱቅ አንድ የድሮ ፍሪጅ አምፖል አመጣችለት።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ከክዳኑ ሥር ላበራው ነው።»

«ከላይ ሲያዩት አይታይም እኮ፤ ይሸፈናል።»

«እንዲታይ አይደለም» አለ።

«አገሩን እንዳታቃጥለው ብቻ» አለች ቀለም ቀቢዋ፣ የጉድጓዱን አፍ በአቧራማ ቢጫ እየቀባች።

ሽማግሌውን ማምጣት ነበር ጭንቁ። ያንን አዳራሽ ሁለተኛ አልረግጥም ብለዋል። ልጅቱ ግን የአባቷን መግቢያ በር ታውቃለች። «አባዬ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ተበላሽቷል፤ ጠጋኝ አጥተው ሊጥሉት ነው» አለቻቸው። ጋሽ ካፖርት ፍሪጅ ሲጣል ቆመው ማየት አይችሉም። የመፍቻ ቦርሳቸውን ይዘው እየተቆጡ መጡ።

«የታለ ፍሪጁ?»

ቁልሌ ጥጉ ጋ ቆሟል፤ ፊቱ ጄሶ ሆኗል፣ አሥሩም ጣቱ ፕላስተር ነው፣ በዚህ ጊዜ የእውነት። ሽማግሌው ጠረጴዛውን አዩ። ተራራው የለም። በቦታው አንድ ክብ ጨለማ አለ። ቀረብ ብለው አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ፤ መጨረሻው አይታይም።

«ይሄ ትንሽ አልተጋነነም?» አሉ።

«ለተራሮቹ ተፈቅዷል፣ ጋሼ።»

«ስንት ነው የሚወርደው?»

«ይድረሱበትና ይዩት።»

ጋሽ ካፖርት ቦርሳቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ሰደዱ፤ ክርናቸው ጋ ሲደርስ የካፖርቱ እጅጌ ወፍራም ነውና ጠርዙ ላይ ተቀረቀረ። ገፉ፣ እምቢ አለ። ጎተቱ። እንደገና ገፉ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ቁልሌን አዩ፣ ቁልፉን ከላይ ጀምረው መፍታት ጀመሩ። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባቷን ያለ ካፖርት ያየችው መቼ እንደሆነ ትዝ አይላትም። ከካፖርቱ ውስጥ እሷ ከምታስበው በጣም የቀጠነ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ ወጣ።

«ያዝልኝ» ብለው ካፖርቱን ለቁልሌ ሰጡት።

እጃቸውን እንደገና ሰደዱ። ክርናቸው ገባ፣ ጡንቻቸው ገባ፣ ትከሻቸው ጉድጓዱን ደፈነው፣ ጉንጫቸው ሜዳው ላይ ተኛ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ክዳኑን ሲነካ አየር ሳብ አደረጉ።

«ይሞቃል» አሉ።

ከዓይናቸው የወረደው እንባ ያችን የኃላፊውን ጉብታ አረጠባት። እጃቸው እታች ቀስ እያለ ሲሄድ ሲመለስ ይሰማል፤ የሚዳብሱ ይመስላል።

ልክ በዚህ ሰዓት ኃላፊው በሩን ከፍቶ ገባ። የተቦረቦረውን ጠረጴዛ አየ፣ ከአገሪቱ ላይ የተኛውን ሽማግሌ አየ። «ምንድን ነው ይሄ? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው! እርስዎ ሰውዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤቴ ነኝ» አሉ ጋሽ ካፖርት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ስትገባ አንኳኳ እንጂ።»

ኃላፊው ወደ በሩ ዞሮ አየ፤ ለአፍታ ወጥቶ ሊያንኳኳ የፈለገ ይመስል ነበር። ቀለም ቀቢዋ በክርኗ ያዘችውና «ይምጡ፣ አለቃ፣ ጉብታዎን ልቀባልዎት፤ ዝናብ ጥሎባታል» ብላ ወሰደችው።

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ ፊታቸው ድንገት ተኮሳተረ።

«ይሄ የኔ አምፖል ነው!» አሉ። «የዚህን አምፖል ሙቀት በጨለማ አውቀዋለሁ። ማነው ከሱቄ የሰረቀው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ልጅቱ።

«ሌባ!» አሉና በሞቀው እጃቸው ጉንጯን ያዙት። ረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ በሩ አመሩ።

ውጭ ነፋስ ነበር፤ ያ የደጋ ነፋስ፣ አጥንት የሚቆጥር። ሽማግሌው በሸሚዝ ብቻ ደረጃውን ወረዱ። ቁልሌ ካፖርቱን ታቅፎ ከኋላ ቆሟል፤ ይስጣቸው አይስጣቸው አያውቅም፤ እሺ ይሁን እምቢ አልሰማም።

«አባዬ!» ብላ ሮጠች ልጅቱ። «ካፖርትህን ልበስ እንጂ፣ ይበርድሃል!»

«ተይው» አሉ ሳይዞሩ። «አማቼ ይዞልኛል።»